የተንከባካቢዋ ሰዓት፦ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ቤተሰቦች የሚደረግ ድጋፍ በኢትዮጵያ

ኦቲዝም ከሕፃንነት የሚጀምርና ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ የአእምሮ እድገት ልዩነት ነው። መገለጫዎቹ በሁለት ይጠቃለላሉ። አንደኛው ከሰው ጋር በመግባባትና በመቀራረብ ረገድ የሚታይ ችግር ነው፤ ሁለተኛው የሚደጋገም እንቅስቃሴ፣ ከለመዱት ነገር ለመውጣት አለመፈለግና ለድምፅ፣ ለብርሃን ወይም ለንክኪ የሚሰጥ ከወትሮው የበዛ ወይም ያነሰ ምላሽ ነው። ደረጃው ከልጅ ልጅ እጅግ ይለያያል። አንዱ ልጅ አፉን በወቅቱ ፈትቶ፣ ትምህርቱንም ተከታትሎ፣ ከእኩዮቹ ጋር መዋል ብቻ ሲቸግረው ሌላው አሥር ዓመት ሞልቶትም ውኃ መጠማቱን በቃል መናገር አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም ነበረበት (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ሁኔታውን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። አንዳንድ መድኃኒቶች እንቅልፍ ማጣትን፣ ብርቱ ቁጣን ወይም አብሮ የሚከሰተውን የሚጥል በሽታ ሊያስታግሡ ይችላሉ። የልጁን የመግባባት ችሎታ የሚያሳድገው ግን በየዕለቱ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ከሚያውቀው ሰው ጋር የሚደረግ ልምምድ ነው። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። የንግግር ሕክምና ባለሙያ በሚገኝበት ከተማ እንኳ ልጁ ከባለሙያው ፊት የሚቀመጠው ከእነዚህ ሰዓታት ጥቂቱን ነው፤ የቀረው የቤተሰቡ ነው። ስለዚህ ለልጁ ምን ድጋፍ ይደረግ የሚለው ጥያቄ ጠጋ ብለው ሲመለከቱት ለቤተሰቡ ምን ድጋፍ ይደረግ የሚል ጥያቄ ሆኖ ይገኛል።

በኢትዮጵያ ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ ለዚህ ጥያቄ በሦስት መንገድ መልስ ለመስጠት ተሞክሯል። የመጀመሪያው ወላጆች ራሳቸው ያቋቋሟቸው ማዕከላት ናቸው፤ ሁለተኛው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ማሠልጠን ነው፤ ሦስተኛው ወላጆችን ማሠልጠን ነው። ሦስቱም ፍሬ አፍርተዋል። ነገር ግን ሦስቱም፣ በተለይ የመጨረሻው፣ አንድ ሀብት ያለ ዋጋ የሚገኝ አድርገው ይነሣሉ፤ እርሱም የተንከባካቢዋ ጊዜ ነው። ተንከባካቢዋ መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ አባቶችና አያቶች ቢኖሩም የዕለት ተዕለቱን ሸክም አብዛኛውን ጊዜ የምትሸከመው እናት ናት።

ወቀሳው

ለአንድ ቤተሰብ የመጀመሪያው ድጋፍ ከገንዘብም ከሕክምናም በፊት ማብራሪያ ነው። የልጁ ሁኔታ ስም እስኪያገኝ ድረስ ልጁ «ዝምተኛ»፣ «ጨዋታ የማይወድ»፣ «ቅብጥ» እየተባለ ይቆያል። ስም ላልተሰጠው ችግር ደግሞ ጥፋተኛ ይፈለግለታል።

ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ጠባይ አይደለም። ሊዮ ካነር በ1943 አሥራ አንድ ልጆችን ገልጦ ኦቲዝምን ራሱን የቻለ ሁኔታ አድርጎ ባስተዋወቀ ጊዜ ስለ ወላጆቻቸው ቅዝቃዜም ጽፎ ነበር። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ባለሙያዎች ዘንድ ልጁ ወደ ራሱ የሸሸው እናቱ ፍቅር ስለነፈገችው ነው የሚል አስተሳሰብ ሰፈነ፤ እናቶቹም ከማቀዝቀዣ ጋር ይመሳሰሉ ጀመር። ብሩኖ ቤተልሃይም በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ለብዙው አንባቢ አደረሰው። ክሱን ካፈረሱት መካከል ግንባር ቀደሙ በርናርድ ሪምላንድ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነው። ሪምላንድ ራሱ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት ነበር፤ በ1964 ባወጣው መጽሐፍ የኦቲዝም መነሻ የነርቭ ሥርዓት እንጂ የእናት ጠባይ አለመሆኑን ተከራከረ፤ በዓመቱም ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆኖ ብሔራዊ ማኅበር መሠረተ። ካነርም በ1969 በዚሁ ማኅበር ጉባኤ ላይ ተገኝቶ ወላጆችን ከጥፋቱ ነጻ ማለቱን በይፋ ተናገረ። በእንግሊዝም በ1962 የመጀመሪያውን ማኅበር ያቋቋሙት ወላጆች ናቸው። ስለዚህ በኦቲዝም ታሪክ ውስጥ ወላጆች መጀመሪያ ተከሳሾች፣ ከዚያም መሥራቾች ሆነው ይታያሉ።

በአዲስ አበባ የተደረገ አንድ ጥናት ክሱ በሌላ ልብስ እዚህም እንዳለ ያሳያል። ዶክተር በዛ ጥላሁንና ባልደረቦቻቸው በ2016 ባሳተሙት በዚህ ጥናት በሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች ልጆቻቸውን የሚያሳክሙ 102 ተንከባካቢዎች ተጠይቀዋል። ልጆቹ ኦቲዝም ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ናቸው። ከመላሾቹ 45.1 በመቶ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ 43.1 በመቶ ሰዎች በተለየ ዓይን ያዩናል ብለው እንደሚሰጉ፣ 26.7 በመቶ ደግሞ ሁኔታውን ለመደበቅ እንደሚጥሩ ተናግረዋል። መንስኤውን ሲጠየቁ 40.2 በመቶ የመንፈስ ልክፍት፣ 27.5 በመቶ ኃጢአት ብለዋል፤ 30.4 በመቶ የጭንቅላት ጉዳትን፣ 25.5 በመቶ በወሊድ ጊዜ የደረሰ ችግርን ጠቅሰዋል። እነዚህ መላሾች ቀድሞውኑ ክሊኒክ የደረሱ ናቸው። ከክሊኒኩ ደጃፍ ያልደረሱ ቤተሰቦች በዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም።

በዚህ ጥናት ውስጥ ሁለት ነገሮች በተለይ ሊጤኑ ይገባል። አንደኛ፣ የመገለል ስሜቱ በተንከባካቢው የትምህርት ደረጃ አልተለየም። የተማረ ቤተሰብ ከሐሜት የተጠበቀ ነው ብሎ የሚያስብ የግንዛቤ ዘመቻ ስለዚህ ከመነሻው ይሳሳታል። ሁለተኛ፣ ወደ ባህላዊና ሃይማኖታዊ ስፍራዎች ሄደው እርዳታ የፈለጉና መንስኤውን ከመንፈስ ጋር ያያያዙ ተንከባካቢዎች የበለጠ መገለል እንደሚሰማቸው ገልጸዋል። ይህን ውጤት አንዳንዶች «ጠበል መገለልን ያመጣል» ብለው ሊያነቡት ይችላሉ። ይሁን እንጂ ጥናቱ በአንድ ወቅት የተወሰደ መረጃ ነውና የቱ የቱን እንዳስከተለ አይነግርም። በጎረቤት የተሸማቀቀች እናት ሐሜት ወደሌለበት፣ ልጇ ቢጮህ ማንም ወደማይደነቅበት ወደ ጠበሉ ስፍራ ሄዳ ሊሆን ይችላል። በተግባርም ቢሆን ቤተሰቡን ከሁለት አንዱን ምረጡ ማለት ብዙ ጊዜ የሚያተርፈው ቤተሰቡ ከክሊኒኩ እንዲቀር ማድረግ ብቻ ነው። ጸሎቱንም ክትትሉንም አብራችሁ ያዙ የሚል አንድ ቄስ ወይም ሼህ ለቤተሰቡ የሚሰጠው እፎይታ በብዙ በራሪ ወረቀት አይገኝም።

ማብራሪያ ሲባል ታዲያ ምርመራውን ማሳወቅ ብቻ አይደለም። ያልተናገረ ልጅ መጀመሪያ የመስማት ምርመራ ሊደረግለት እንደሚገባ፣ ኦቲዝም በአስተዳደግ ጉድለት እንደማይመጣ፣ ልጁ ሲጠሩት አለመዞሩ ንቀት እንዳልሆነ መንገርም ነው። ከሁሉም በላይ ይህ ማብራሪያ ለእናቲቱ ብቻ ተነግሮ ማለቅ የለበትም። በቤት ውስጥ የምትወቀሰው እርሷ ናትና ቃሉን ከሐኪሙ አፍ መስማት የሚያስፈልጋቸው ባልና አማት ናቸው።

ወላጅ የሠራቸው ማዕከላት

በኢትዮጵያም ወላጅ መሥራች ሆኗል። ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሰው በአዲስ አበባ የውበት ሙያ ትምህርት ቤት የከፈሉ ነጋዴ ነበሩ። ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት በማጣታቸው በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው በሥሩ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ፤ በአገሪቱ የመጀመሪያው ነው። ዘሚ በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እየቀረቡ ስለ ልጃቸው በግልጽ ይናገሩ ነበር። ይህ በራሱ እንደ አንድ አገልግሎት ሊቆጠር ይገባል፤ ልጅን መደበቅ በተለመደበት ኅብረተሰብ ውስጥ አንድ የታወቀ ሰው በአደባባይ ወጥቶ መናገሩ ሌሎች ወላጆች ልጃቸውን ይዘው ከቤት እንዲወጡ መንገድ ከፍቷል። ከዚያ በኋላ የተቋቋመው ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም መነሻው የወላጆች ጥረት ነው።

ዘሚ ለልጃቸው ብለው የጀመሩት «አቡጊዳ ፎነቲክስ» የተባለ የማስተማሪያ ዘዴም ነበራቸው። ዘዴው የተመሠረተው በፊደላችን የድምፅ ሥርዓት ላይ ነው። በላቲን ፊደል «ለ» የሚለውን ድምፅ ለማንበብ ልጁ ሁለት ምልክቶችን አያይዞ ማሰብ አለበት፤ በግእዝ ፊደል ግን አንዱ ምልክት ተነባቢውንና አናባቢውን ባንድነት ይዟል። ቃልን ለማውጣት ለሚቸገር ልጅ አንድ ምልክት ለአንድ የሚነገር ድምፅ መሆኑ ጥቅም ሊኖረው እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ነገሩ ለሥነ ልሳንም ለልዩ ፍላጎት ትምህርትም ተማሪዎች የመመረቂያ ጥናት የሚሆን ርእስ ነው፤ በውጭ አገር የተሠሩ ዘዴዎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ ከምናይበት ልማድ ለአንድ ጊዜ እንኳ መውጣት ይሆን ነበር።

ማዕከላቱ ግን ሁለት ገደቦች አሉባቸው። አብዛኞቹ በአዲስ አበባ ናቸው፤ ለመግባት የሚጠባበቀውም ሰው ከሚይዙት ቦታ ይበዛል። በመንግሥት በኩል ምርመራ የሚሰጠው በዋናነት በጥቂት ሆስፒታሎች የአእምሮ ጤና ክፍሎች ነው፤ የሕፃናት የአእምሮ ሐኪሞችም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከጎንደር ወይም ከደሴ ገጠር የመጣ ቤተሰብ ምርመራውን ለማግኘት የትራንስፖርት፣ የማደሪያና የቀለብ ወጪ ያወጣል፤ የምርመራውን ውጤት ይዞ ሲመለስ በቀዬው የሚቀበለው አገልግሎት የለም። ምርመራ ብቻውን ስም ይሰጣል እንጂ የነገን ጥዋት አያቀልም።

በጤና ኬላ በኩል

ይህን ርቀት ለማጥበብ የተሞከረው ሁለተኛው መንገድ በ2003 በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በኩል የሚያልፍ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ቤት ለቤት የሚዞሩ፣ የሰፈሩን ቋንቋና ወግ የሚያውቁ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ከተደበቀ ልጅ ጋር የመገናኘት ዕድል ያለው የመንግሥት ሠራተኛ ቢኖር እነርሱ ናቸው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከእንግሊዝ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ባዘጋጀው የማሻሻያ ሥልጠና ውስጥ የአእምሮ ጤና ክፍል ተካቷል። ለተወሰኑት ሠልጣኞችም በልጆች የእድገት እክል ላይ ያተኮረ የቪዲዮ ትምህርትና የኪስ መመሪያ ተጨምሮላቸዋል።

ዶክተር በዛና ባልደረቦቻቸው የዚህን ሥልጠና ውጤት ገምግመው በ2019 አሳትመዋል። ሥልጠናውን የወሰዱት ሠራተኞች ካልወሰዱት ይልቅ ስለ ኦቲዝም ያላቸው አሉታዊ እምነት ያነሰ፣ ልጆቹን ለመቅረብ ያላቸው ፈቃደኝነትም የበዛ ሆኖ ተገኝቷል፤ የቪዲዮውን ትምህርት የጨመሩት ደግሞ ከሁሉ በልጠዋል። ሆኖም ሌላ ያልተጠበቀ ነገር ታየ። የበለጠ የሠለጠኑት እነዚሁ ሠራተኞች ልጆቹ ወደፊት ምን ሊደርሱ ይችላሉ ሲባሉ ካልሠለጠኑት ያነሰ ተስፋ ነበራቸው።

ይህ ውጤት ከሚገባው በታች ተነግሮለታል። ልጁ በልክፍት ተይዟል ብላ የምታምን የጤና ሠራተኛ መንፈሱ ሲለቅቀው ይድናል ብላም ታምናለች። ኦቲዝም ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ መሆኑን ስትማር ወቀሳውም ተስፋውም ባንድነት ይወሰዱባታል። ያን ቀን ማምሻውን ወደ ቤተሰቡ ብትገባ የምትናገረው እውነት ነው፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው። የጎደለው ግማሽ ልጁ እየተማረ የሚያድግ መሆኑ፣ በምልክትም በሥዕልም መግባባትን ሊለምድ መቻሉ፣ ልብሱን ራሱ መልበስን ጨምሮ ብዙ ነገር በጊዜው የሚደርስ መሆኑ ነው። ሥልጠና ሲዘጋጅ ምልክቶችን መለየት ላይ የሚጠፋው ሰዓት በዝቶ የሚታይ ለውጥን ለማሳየት የሚተርፈው ካነሰ ቤተሰቡ ከአንዱ ጨለማ ወደ ሌላው ይሻገራል። ኦቲዝም ያለበት ጎልማሳ ሠርቶ ሲያድር የሚያሳይ አጭር ፊልም ከብዙ የምልክት ዝርዝር የተሻለ ሊያስተምር ይችላል።

ወላጅን ማሠልጠን

ሦስተኛው መንገድ የዓለም ጤና ድርጅት ኦቲዝም ስፒክስ ከተባለው የአሜሪካ ድርጅት ጋር ያዘጋጀው የተንከባካቢዎች ክህሎት ሥልጠና ነው። ሥልጠናው ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 9 ዓመት የሆኑ፣ ኦቲዝም ወይም ሌላ የእድገት መዘግየት ላለባቸው ልጆች ተንከባካቢዎች የታሰበ ነው፤ ዘጠኝ የቡድን ስብሰባዎችና ሦስት የቤት ጉብኝቶች አሉት። የተለየ የሕክምና ሙያ በሌላቸው ሰዎች እንዲመራ ታስቦ የተዘጋጀ መሆኑ ባለሙያ ለሚያጥርበት አገር ተስማሚ ያደርገዋል። በኢትዮጵያ ከአገሩ ጋር የማስማማቱ ሥራ የተካሄደው ሥልጠናው በ2022 ለሁሉም ተጠቃሚ በይፋ ከመለቀቁ ቀደም ብሎ ነው፤ ዶክተር ቤተልሔም ተኮላና ባልደረቦቻቸው ሂደቱን በ2020 ባሳተሙት ጽሑፍ ገልጸውታል።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ መቅለሉ ግን አያታልል። ልጁ ከሚወደው ነገር መጀመር፣ በቁመቱ ልክ ዝቅ ብሎ መቀመጥ፣ በአጭር ቃል መናገር፣ ከተናገሩ በኋላ መጠበቅ፣ ትንሿን ሙከራ ማወደስ ነው። ልምምዱ የተለየ መጫወቻ አይፈልግም፤ በቤቱ ውሎ ውስጥ ይገባል። ለምሳሌ ከምግብ በፊት እጅ ማስታጠብን እንውሰድ። እናት ማንቆርቆሪያውን ይዛ ውኃውን ሳታፈስ ትጠብቃለች። ልጁ ወደ እርሷ ቢያይ፣ እጁን ቢዘረጋ ወይም ድምፅ ቢያሰማ «ውኃ» ትልና ትንሽ ታፈስሳለች፤ ቆም ትልና እንደገና ትጠብቃለች። በአንድ መታጠብ ውስጥ ልጁ አራት አምስት ጊዜ ለመጠየቅ ይገደዳል፤ ምላሹም ወዲያው ይደርሰዋል። ቡና ሲፈላም እንዲሁ ነው፤ ፈንዲሻውን በሙሉ ሳህን ከመስጠት በእፍኝ በእፍኝ መስጠት ያንኑ ያስተምራል። ለልጁ የሚያስፈልገውን ሁሉ ሳይጠይቅ ቀድሞ ማቅረብ የፍቅር ምልክት ሆኖ በሚታይበት ቤት ይህ መጠበቅ ለእናት ጭካኔ ይመስላታል። አሠልጣኙ ምክንያቱን አስቀድሞ ካላስረዳት ልምምዱን በሁለተኛው ቀን ትተወዋለች።

የማስማማቱ ሥራ በእንዲህ ያሉ ነገሮች ላይ የተጠመደ ነበር። ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ ተንከባካቢዎች ጽሑፉን ማቅለል፣ ስለ ልጅ እድገት ያለውን ጽንሰ ሐሳብ በግልጽ ቃል ማስረዳት፣ መገለልን በግልጽ ማንሣት፣ በወላጅና በልጅ መካከል ያለውን የጨዋታ ልማድ ልዩነት ማገናዘብ ይጠቀሳሉ። ትልቅ ሰው ከልጅ ጋር ወለል ላይ ተቀምጦ መጫወቱ በብዙ የኢትዮጵያ ቤቶች ያልተለመደ ነው፤ ልጅ የሚጫወተው ከልጅ ጋር ነው። ስለዚህ ታላቅ እኅትን ወይም ወንድምን በልምምዱ ማስገባት እንደ ምትክ ሳይሆን እንደ ቀዳሚ መንገድ ሊታሰብ የሚገባው ነው። በተሞከረባቸው ቡድኖች ሥልጠናው ተቀባይነት አግኝቷል፤ ከዚያ በኋላም በኢትዮጵያና በኬንያ ሰፋ ያለ ጥናት እንዲካሄድበት መሠረት ሆኗል።

ከቡድኑ ስብሰባ የሚገኝ ሌላ ጥቅምም አለ። ለዓመታት «በዓለም ላይ ይህ የደረሰብኝ እኔ ብቻ ነኝ» ስትል የቆየች ሴት ከሌሎች አቻዎቿ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ትቀመጣለች። የአሠልጣኙ ትምህርት ቢረሳ እንኳ ይህ አይረሳም። የቡድኑ አባላት ሥልጠናው ካለቀ በኋላ በእቁብ መልክ መገናኘታቸውን እንዲቀጥሉ ማመቻቸት ወጪው አነስተኛ፣ ጥቅሙ ግን የቆየ ይሆናል።

ሰዓቱ ከየት ይመጣል

ልምምዱ በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ ይፈልጋል እንበል። በዓመት ከ180 ሰዓታት በላይ ነው። የቤት ውሎ ውስጥ ይገባል መባሉ ሰዓቱን ያሳንሰው ይሆናል እንጂ አያጠፋውም፤ እየጠበቁ እጅ ማስታጠብ በጥድፊያ ከማስታጠብ ብዙ ጊዜ ይወስዳል። ሥልጠናው በባለሙያ እጦት የጎደለውን ሰዓት ከእናት ይበደራል። ብድሩ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በየትኛውም የፕሮጀክት በጀት ውስጥ ተጽፎ አይታይም።

አበዳሪዋ ማን ናት ብሎ መጠየቅ ያሻል። ጉልት ቸርቻሪ፣ ልብስ አጣቢ ወይም እንጀራ ጋግራ ሻጭ ልትሆን ትችላለች። ልጇ አደጋን አያውቅም፤ በር ከተከፈተ ወደ አስፋልት ይሮጣል። ሠራተኛ ብትቀጥር ወር ሳይሞላት ትሄዳለች። ዘመድ ቤት ብትተወው ይመለስላታል። ስለዚህ ወይ ሥራዋን ትተዋለች ወይ በሩን በላዩ ቆልፋ ትወጣለች። በኢትዮጵያ ልጆች በቤት ተቆልፈው ወይም ታስረው የሚውሉበት ሁኔታ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጭካኔ ወይም እንደ ድንቁርና ይቀርባል። በብዙዎቹ ቤቶች ግን ነገሩ የሒሳብ ጉዳይ ነው፤ አንድ ሰው በአንድ ሰዓት ሁለት ቦታ መገኘት አይችልም። ለዚህች እናት ስለ ልጅ መብት የሚሰጥ ትምህርት ልጁን በቀን ለአራት ሰዓት የሚይዝላት ሰው ካልተጨመረበት ጸጸት ብቻ ይተርፋታል።

ጊዜዋ ሲያልቅ ከኅብረተሰቡም ትወጣለች። ልጁ ሲኒ ስለሚሰብር ከጎረቤት ቡና ትቀራለች፤ ለቅሶ ቤት ረጅም ሰዓት መቀመጥ አትችልም፤ ከእድሩ ሥራ ስትጎድል ቅጣት ይጻፍባታል። በይሉኝታ ምክንያት ምክንያቷን አትናገርም፤ ባለመናገሯም ኩራት ይባልባታል። መገለል ሲባል ከውጭ የሚመጣ ንቀት ብቻ ተደርጎ ከታየ ይህ ዓይነቱ ቀስ ያለ መውጣት ከመለኪያው ያመልጣል።

ከላይ የተጠቀሰው የአዲስ አበባው ጥናት ለዚህ ነጥብ ጠቃሚ መረጃ ይዟል። ተንከባካቢዎቹ ያልተሟላላቸው ትልቁ ፍላጎት ምን እንደሆነ ሲጠየቁ 74.5 በመቶው ለልጃቸው የትምህርት ዕድል ብለዋል። የጤና ባለሙያ ሕክምና 47.1 በመቶ፣ የገንዘብ ድጋፍ 30.4 በመቶ፣ ልጁን የሚያሳድግ የባለሙያ እገዛ ደግሞ 27.5 በመቶ ነበር። ትምህርት ከሕክምናም ከገንዘብም ይህን ያህል መብለጡ በተለምዶ የወላጆች የትምህርት ጉጉት ተደርጎ ይተረጎማል። ትርጉሙ ስሕተት ባይሆንም አንድ ነገር ይስታል። ትምህርት ቤት ልጁን የሚያስተምር ብቻ አይደለም፤ ከጠዋት እስከ ቀትር የሚይዝም ነው። ለእናት በአንድ ጊዜ ዕውቀትን፣ ደኅንነትንና የሥራ ሰዓትን የሚሰጥ ሌላ ተቋም የለም። የትምህርት ሚኒስቴር በ2006 የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ አውጥቶ በ2012 ሲያሻሽለው አቅጣጫው አካቶ ነበር፤ በተግባር ግን ንግግር የሌለው፣ ሽንቱን ለመቆጣጠር ገና የሚለማመድ ልጅ በብዙ ትምህርት ቤት በር ላይ ይመለሳል። ለመመለሱ የሚሰጠው ምክንያት ብዙ ጊዜ የመምህሩ አለመሠልጠን ነው። መምህሩ ቢሠለጥንም በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ አጠገቡ ረዳት ሳይኖር ልጁን ሊይዝ አይችልም፤ የሚያስፈልገው ተጨማሪ እጅ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሥራ ያጡ ወጣቶች በአጭር ሥልጠና በረዳትነት ሊቀጠሩ የሚችሉበት አሠራር የክልል ትምህርት ቢሮዎች በአንድ ወረዳ እንኳ ሊሞክሩት የሚገባ ነው።

በሕግ ረገድ መነሻ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን ዜጎች ለማቋቋምና ለመርዳት አቅሙ በፈቀደ መጠን ሀብት እንዲመድብ ያዝዛል። ኢትዮጵያ በ2010 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን ደግሞ የበለጠ ግልጽ ነው፤ በአንቀጽ 28 በድህነት የሚኖሩ አካል ጉዳተኞችና ቤተሰቦቻቸው ከሥልጠናና ከምክር ጋር የገንዘብ እርዳታና ለተንከባካቢው ዕረፍት የሚሰጥ ምትክ እንክብካቤ እንዲያገኙ ይደነግጋል። ሥልጠና፣ ገንዘብና ዕረፍት በአንድ አንቀጽ ውስጥ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ልብ ሊባል ይገባል። በኢትዮጵያ ከሦስቱ የተሞከረው በዋናነት የመጀመሪያው ነው። የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ለሥራ ብቁ የሆኑትን በማኅበረሰብ ሥራ፣ ያልሆኑትን በቀጥተኛ ድጋፍ ይረዳል፤ ሙሉ ጤነኛ ሆና ልጇን ጥላ መውጣት የማትችል እናት ከሁለቱ በየትኛው እንደምትመደብ መርምሮ ማሳየት ለማኅበራዊ ሥራ ተማሪዎች ክፍት የሆነ ጥያቄ ነው።

የወላጅ ሥልጠናን ውጤት የሚለኩ ጥናቶች በዋናነት የልጁን የመግባባት ለውጥና የተንከባካቢውን ጭንቀት ይለካሉ። በመጠይቁ ላይ አንድ ጥያቄ መጨመር ብዙ ያሳያል፤ «ባለፉት ሰባት ቀናት ልጁን ከእርስዎ ሌላ ሰው ለስንት ሰዓት ያዘልዎት?» መልሱ ዜሮ በሆነበት ቤት ሥልጠናው ሳይሠራ ቢቀር ጥፋቱን በእናቲቱ ትጋት ላይ መጣል አይቻልም።

የዕድሜ ገደቡም ሌላው ክፍተት ነው። ሥልጠናው ከ9 ዓመት በላይ ላሉ ልጆች አልተዘጋጀም። ልጁ አሥራ አምስት ሲሞላው ከእናቱ ይበረታል፤ ሲቆጣ እንደ ትናንቱ አቅፋ ልትይዘው አትችልም፤ ልጅቷ ከሆነች ደግሞ የወር አበባና የመደፈር ሥጋት ይጨመራሉ። ለሕፃናት ታስበው የተከፈቱ ማዕከላት ልጅ ሆነው የገቡ ወጣቶች መሄጃ ባጡ ቁጥር እነርሱኑ ይዘው ይቀጥላሉ። ወጣቶቹ የሚሸጋገሩበት የሙያ መማሪያ ወይም የሥራ ስፍራ እስካልተከፈተ ድረስ በተጠባባቂነት ለተመዘገበው የሦስት ዓመት ልጅ ቦታ አይለቀቅም።